በብርጭቆ ወረቀት የፋቅሁት

ጋራዤን በዘጋሁ ሳምንት የጎንደር ሾፌሮች ተሰብስበው ጋቢ አለበሱኝ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ተነሣና፣ «ጋሽ ታደገ የነካው ፍሬን ሰው ነክቶ አያውቅም!» አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም ጎንበስ ብዬ እግዜር ይስጥልኝ አልሁ።

ያ ምስጋና ሐሰት ነበር። እዚያ ከተቀመጡት ሐሰትነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ከዚያ ውጭ ደግሞ አንድ ሰው ያውቃል፤ እሱም ልጄ ይርጋ ነው። ይርጋ በእኔ ጥፋት የሾፌርነት ስሙ ጠፍቶ፣ ቆላ ድባ ወርዶ ትራክተር ይነዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቴን አልረገጠም። ስለ ሥራ ዘመኔ ስጽፍ ስለ ብረትና ስለ ዘይት ብዙ እላለሁ፤ የምጽፈው ግን ስሙን ለመመለስ ነው። የሚያነበኝ ሰው እንዲያዝንልኝ አልሻም።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ደርግ ሲወድቅ በደባርቅ የመንገድ ሥራ ካምፕ ጎማ ጠጋኝ ነበርሁ። መካኒኮቹ ወደየአገራቸው ሲበተኑ ማሽኖቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። እኔም በድፍረት መፍታት ጀመርሁ። ፈትቼ መግጠም ያቃተኝ ቀን ነበረ፤ ሰው ግን አልጠየቅሁም። በራሴ ወደቅሁ፣ በራሴ ተነሣሁ። ይህንም እንደ ትልቅ ነገር ስኮራበት ኖርሁ።

የካምፑ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ደረቅ ሰው ነበር። አሮጌውን ሳታሳየው አዲስ ዕቃ አይሰጥም።

«ምነው፣ ተሰበረ እያልሁህ?» ስለው፣

«የተሰበረ ነገር አፍ አለው፤ አምጣውና እሱ ይንገረኝ» ይለኛል።

ያኔ ሲያሰቃየኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን አሮጌ ዕቃ ማንበብ የተማርሁት ከእሱ ነው። በአንድ ጎኑ ብቻ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ ከመጠን በላይ ግሎ ሰማያዊ የመታው ዲስክ፣ ጫፉ የተላጠ የዘይት መያዣ ጎሚኒ፣ ሁሉም የሠራውን ሰው ጥፋት ይናገራል። የካምፑ ደመወዝ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

ከካምፑ ወደ ጎንደር ወርጄ አያ ኑርሁሴን ዘንድ ተቀጠርሁ። የአያ ኑርሁሴን ዘመዶች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። እሳቸው ብቻ ሱቁን ትተው ከመኪና ሥር ገቡ። ዘመዶቻቸው ሲቀልዱባቸው፣ «እናንተ በሜትር ትለካላችሁ፣ እኔ በቡሎን እቆጥራለሁ፤ አላህ ሁለቱንም ያያል» ይሉ ነበር።

ሞተርና ካምቢዮ ሲሠሩ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ፍሬን ላይ ሲደርሱ ግን ለስግደት እንደሚነሣ ሰው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያናግራቸውም። ሲጨርሱ መኪናውን ይነዱና ተመልሰው በእጃቸው ጀርባ የአራቱንም ጎማዎች መካከል ይዳስሳሉ። «ከፊት ያሉት ሁለቱ እኩል ካልሞቁ አንዱ ይዋሻል» ይላሉ። አዲስ ሸራ ሲያስሩ ደግሞ ማስነከስ የሚሉት ነገር ነበራቸው። ከከተማው እስከ አዘዞ ያለውን ቁልቁለት ፍሬኑን በስሱ ተጭነው፣ ሳይለቁ፣ ሽታው እስኪመጣ ድረስ ይወርዳሉ። የዚያ ጊዜው ሸራ ለስላሳ ነው፤ ታምቡሩ፣ ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት፣ ያረጀና የተቦረቦረ ነው። እየታሸ ሲወርድ ሸራው የታምቡሩን ቅርጽ ይይዛል። በዚያ ዘመን ዕቃ ይህ ትክክል ነበር።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው። የማያውቁት ዕቃ ሲመጣ ዕቃውን ላመጣው ሾፌር ሳይቀር፣ «ይህ እንዴት ነው የሚሠራው? አስተምረኝ» ይሉታል። ያ ሁሉ ስም ያላቸው ሰው! እኔ አፍርላቸው ነበር። ሲሞቱ የእጃቸውን ሥራ ወረስሁ፤ ጆሯቸውን ግን አልወረስሁም። ጥፋቴ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ከእሳቸው በኋላ በአዘዞ መንገድ ዳር የራሴን ጋራዥ ከፈትሁ። ይርጋ አደገ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ ቱሪስት ወደ ስሜን የሚያመላልስ የመስክ መኪና ያዘ። ሸጋ ሾፌር ነበር። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ አይወርድም፤ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተተ ነው የሚወርደው። አንድም ቀን ግን ጎበዝ ብዬው አላውቅም። ልጅን ማመስገን ያበላሸዋል ብዬ አምን ነበር። ጥፋት ባየሁበት ጊዜ ግን ሰው ፊት እናገረዋለሁ።

አንድ ቀን የመኪናው ባለቤት ከውጭ ያስመጣውን ሳጥን በይርጋ እጅ ላከልኝ። ውስጡ ሁለት የፊት ዲስኮችና አራት ሸራዎች ነበሩ። ዲስኮቹ እንደ ወትሮው ልሙጥ አይደሉም፤ ሙቀት የሚያስወጣ ቀዳዳ ተበስቶባቸዋል፣ ፊታቸው ላይም ቦይ ወጥቶባቸዋል። ሸራዎቹ እንደ ድንጋይ የጠጠሩ ናቸው። በረጅም ቁልቁለት ቢግሉም እንዳይደክሙ ተብለው የተሠሩ ናቸው አለኝ ይርጋ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ዕቃ አይቼ አላውቅም ነበር። እንደማውቅ ሰው ግን ራሴን ነቀነቅሁ።

ሥራውን በጥንቃቄ ነው የሠራሁት። ዲስኩ የሚቀመጥበትን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ፤ ትንሽ ዝገት ከሥሩ ከቀረች ዲስኩ ይወላገዳልና። ቀጭን ሽቦ አስሬ፣ ጫፉን ከዲስኩ ፊት አስጠግቼ፣ ዲስኩን በእጄ እያዞርሁ የሽቦውን ድምፅ አዳመጥሁ፤ አንድ ቦታ ነክቶ ሌላ ቦታ የሚስት ከሆነ ጠማማ ነው። ቀጥ ያለ ነበር። ከፋብሪካ የተቀባውን ዘይት በቤንዚን አጠብሁ። የፍሬኑን ዘይት ሁሉ አውጥቼ አዲስ ሞላሁ፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረውን አየርም ከሩቁ ጎማ ጀምሬ አስወጣሁ። እስከዚህ ድረስ አያ ኑርሁሴን ቢያዩኝ ነቀፋ አያገኙብኝም ነበር።

ከሳጥኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ወጥቶ ነበር። ይርጋ ሲያነበው ቆየና፣

«አባየ፣ ማስነከሱን በተመለከተ ወረቀቱ ሌላ ነው የሚለው» አለኝ።

«ምን ይላል?»

«ይዘህ አትውረድ ይላል። ከፍጥነት ጠንከር አድርገህ ትይዛለህ፤ ሳይቆም ትለቃለህ፤ ነፋስ እንዲያገኘው ትነዳለህ። ይህን አሥር ጊዜ ያህል ትደጋግማለህ። ሳትለቅ ይዘህ ከወረድህ የሸራው ፊት ይቃጠላል ነው የሚለው።»

«ይህን የጻፈው ሰው ሊማሊሞን ወርዶ ያውቃል?»

«ኧረ የት አውቆት።»

«እንግዲያው እጠፈው። ወረቀት መኪና አያቆምም።»

ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። አንዱማ፣ «ይርጋ፣ ለአባትህ ምጥ ልታስተምር ነው?» አለው። ይርጋ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ እያየሁት አለፍሁ።

መሪውን እኔ ያዝሁ። ከከተማው እስከ አዘዞ ፍሬኑን ተጭኜ፣ ሳልለቅ ወረድሁ። ሽታው መጣ፤ ከወትሮው ይልቅ የሚኮመጥጥ ነበር። ወርጄ በእጄ ጀርባ ዳሰስሁ፤ ሁለቱም እኩል ግለዋል። እዚያው እንደጋለ ረገጥሁት፤ ቀጥ አደረገው። «ነከሰ!» አልሁ። ሲሞቅ መያዙን አየሁ፤ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን ለማየት አልቆየሁም።

በሦስተኛው ቀን ይርጋ መኪናውን ባዶውን ይዞ ወደ መካነ ብርሃን ሄደ፤ በእግራቸው የወረዱ እንግዶችን ሊቀበል ነው። ቧሂትን ያለፈው ማለዳ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይረግፍ ነበር። እስከዚያ መንገዱ አብዛኛው አቀበት ነውና ፍሬኑን አጥብቆ የረገጠበት ጊዜ አልነበረም። ማዶ መውረድ ሲጀምር በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ፍሬኑን ረገጠው። ፔዳሉ እንደ ግንድ ደረቅ ሆነ፤ መኪናው ግን አልያዘም። ማርሽ ቀነሰ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ተራራ ነው፤ ወደ ተራራው ጣለው። በተራራው ጥግ አያ መርሻ የሚባሉ የጃናሞራ ገበሬ ገብስ የጫነች በቅሎ እየሳቡ ይመጡ ነበር። በቅሎዋ ሞተች። የአያ መርሻ ቀኝ እግር ተሰበረ።

ወሬው ሲደርሰኝ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወጣሁ። አያ መርሻን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደዋቸዋል። ይርጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«አልያዘም፣ አባየ» አለኝ።

ጎማውን ፈታሁ። የሸራው ፊት እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። አሮጌ ዕቃ አፍ አለው ብያችኋለሁ፤ ይህም ተናገረኝ። እኔ ይዤ ስወርድ አቃጥዬው፣ ፊቱ መስተዋት ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ ሸራ፣ በተለይ በብርድ፣ ዲስኩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። ልጄ ያነበበልኝ ቃል በቃል ደርሷል።

የትራፊክ መርማሪው መኪና አጥቶ ከደባርቅ ገና አልደረሰም ነበር። ከቦርሳዬ ብርጭቆ ወረቀት አወጣሁ። አራቱንም ሸራ፣ መስተዋቱ ጠፍቶ ሸካራው እስኪወጣ ድረስ ፋቅሁት። መኪናው በሰላም ከተራራ መውረድ አለበት፣ ለዚያ ነው የምፍቀው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ይርጋ አጠገቤ ቆሞ ያያል። እኔ እፍቃለሁ፤ እሱ ያያል።

መርማሪው መጥቶ መኪናውን ወደ ደልዳላው አስወጥቶ ሞከረው። ፍሬኑ ቀጥ አደረገው። ሰውየው ያየውን ጻፈ፤ ፍሬኑ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው አለ። በእሱ አልፈርድም፤ ያየው እኔ ያሳየሁትን ነው።

ሽምግልናው መካነ ብርሃን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀመጠ። የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ «ልጄ፣ እስኪ እውነቱን ንገረን፤ እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁት። ይርጋ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ እኔ ዞረ። ጠበቀኝ። ብዙ ጠበቀኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እግሬ ዘገየ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ከሁሉ የከፋው ነው። ከመቀመጫዬ ተነሣሁና፣ «ልጅ ነው፣ አጥፍቷል፤ ስለ እኔ ሽበት ማሩት» ብዬ ለመንሁ። በእኔ ጥፋት እሱን አስማርሁት። ሽማግሌዎቹ «ደግ አባት» አሉኝ።

ካሣው ተከፈለ። ባለቤቱ ይርጋን አሰናበተው። ጎንደር መናኸሪያ ሥራ ሲጠይቅ፣ «ያ እግሩ የዘገየው አይደለም እንዴ?» እያሉ መለሱት። አንድ ጠዋት ዕቃውን ሰብስቦ ቆላ ድባ ወረደ።

እናቱ ቀደም ብላ ሞታ ነበርና ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ ባዶ ሆነ። የግቢውን ክፍሎች ለተማሪዎች አከራየሁ፤ እነሱ የራሳቸው ዓለም አላቸው። እሑድ እሑድ ሬዲዮኑን ከፍ አደርገዋለሁ፤ ወሬው አይገባኝም፤ የሰው ድምፅ ስለሆነ ብቻ ነው። ይርጋ ለጎረቤቴ ደውሎ ደኅና መሆኔን ይጠይቃል፤ «ላቅርብልህ?» ስትለው «ተይው» ይላታል። ይህን ራሷ ነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያሉ ዲስክና ሸራ ለሌሎች ሦስት መኪናዎች ገጠምሁ። ወረቀቱ እንዳለው፣ እየያዝሁ እየለቀቅሁ፣ ነፋስ እያስገባሁ አላመድኋቸው። ሦስቱም በብርድም በሙቀትም ያዙ። ስሜ ከፍ አለ። አዲሱን ፍሬን የሚያውቀው ታደገ ነው ተባለ። ልጄ ያነበበልኝን ቃል እኔ ስጠራበት ኖርሁ። እናንተ ልጆች ያሏችሁ ሰዎች፣ ልጃችሁ ትክክል የሆነ ዕለት ትክክል ነህ በሉት። በዚያ ዕለት ካላላችሁት፣ በማግሥቱ ለመናገር እጥፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ በስድስተኛው ዓመት ስንት እጥፍ እንደሚጠይቅ እኔ አውቃለሁ።

ጋቢውን ያለበሱኝ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳምንት ሳይሞላኝ በአውቶቡስ ደባርቅ፣ ከደባርቅ መካነ ብርሃን ገባሁ። አያ መርሻ ደጃቸው ላይ ጅራፍ ይጎነጉናሉ። እያነከሱ ተነሥተው ተቀበሉኝ።

«ምነው አያ ታደገ፣ በሰላም ነው?»

ሁሉንም ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ይህ ሸራ የምትለው ነገር አልገባኝም» አሉ።

«ሞረድ ቅቤ ቢጠጣ ማጭዱን ይስለዋል?»

«የት ስሎት! ይንሸራተታል እንጂ።»

«እንደዚያ ነው ያደረግሁት። ቅቤውን ደግሞ መርማሪው ሳይመጣ ጠረግሁት።»

ጅራፉን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

«ሾፌሮቹን። ስሜን።»

«ያ ልጅ በየዓመቱ ለመስቀል እዚህ ይመጣል፤ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «ስኳርና ጨው ተሸክሞ ይመጣል። ሁለት ጊዜ በሩን ዘጋሁበት። አንድ ጊዜ በልጆቼ ፊት ረገምሁት። አሁን ይህን እርግማን የት ላድርሰው?»

ከዚያ ዱላቸውን አነሡ።

«ቆላ ድባ ስንት ቀን ነው?»

«እግርዎ እንዴት ይችላል፣ አያ መርሻ?»

«አንተ የሰበርኸው እግር ነው፤ አንተ ትደግፈዋለህ።»

መንገድ ላይ አንድ ቀን ማራኪ ቤቴ አደርን። በማግሥቱ ቆላ ድባ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። ይርጋ ከእህል ነጋዴዎች ፊት፣ የትራክተሩን ተጎታች ጤፍ እያስጫነ ነበር። ፀጉሩ ከጎንና ከጎን ሸብቷል። አያ መርሻ ካሉበት ሆነው ጮኹ፤

«ሰዎች! ስሙኝ! እግሬን የሰበረኝ ይህ ልጅ ነው ብዬ ስረግመው ኖሬያለሁ። እሱ አይደለም። የገጨኝ ይሄ ሽማግሌ ነው!» በዱላቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ገበያተኛው ሳቀ። «ኧረ አባባ፣ እሱማ አህያም የሚነዳ አይመስልም!» አለ አንድ ሸክላ ሻጭ። ይርጋ ግን አልሳቀም።

አያ መርሻ ከጉልበቱ ሊወድቁ ሲሉ ይርጋ ከግማሽ መንገድ አነሣቸው። ሁለቱም ተላቀሱ። እኔ ራቅ ብዬ ቆምሁ። ቆይቼ ወደ እሱ ቀረብሁና፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እግርህ አልዘገየም። ሸራውን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ። የፋቅሁትም እኔ ነኝ። አንተ አንብበህልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አልሁ።

ይርጋ የተጎታቹን ጠርዝ ይዞ ቆመ።

«እዚህ ማንም አያውቀኝም፣ አባየ» አለኝ። «ቆላ ድባ ላይ ስሜ አልጠፋም። መናኸሪያው ላይ፣ ሾፌሮቹ ፊት ትለዋለህ?»

«እላለሁ።»

«ይህን ካልህ በኋላ በሚመጣው እሑድ ቤት እመጣለሁ።» ከዚያ አያ መርሻን ደግፎ ወደ ጥላ ወሰዳቸው።

ትናንት መናኸሪያ ሄድሁ። ሾፌሮቹ ምሳ የሚበሉበት ቤት ገብቼ፣ ጋቢ ያለበሱኝ ሰዎች ፊት ቆሜ፣ ከሳጥኑ እስከ ብርጭቆ ወረቀቱ ድረስ ተናገርሁ። ሲበሉ የነበሩት እጃቸውን ሰበሰቡ። ያ ያመሰገነኝ ሾፌር ቀና ብሎ አላየኝም። ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «ያን ልጅ ሁለት ጊዜ መጥቶ መልሼዋለሁ» አለ። ሌላው «እኔም» አለ። ተቀመጥ ያለኝ አልነበረም፤ ተቀመጥ ሊሉኝም አይገባም። ከመናኸሪያ እስከ ማራኪ በእግሬ ሄድሁ። በመንገድ ሰላም የሚለኝ ሰው ብዙ ነበር፤ ነገ ስንቱ እንደሚለኝ አላውቅም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ይርጋ የቀጠረኝ እሑድ ነገ ነው። ክፍሉን ጠርጌአለሁ፣ አልጋውን አንጥፌአለሁ። ሽሮ ልሠራ አሰብሁና ለሁለት ሰው ስንት ጭልፋ እንደሚበቃ ጠፋኝ። ጎረቤቴን ሄጄ ጠየቅኋት።